የሐዘን፣ የጠፋ ፍቅርና የመንፈስ ኮሚክ በደሴ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጎቲክ የሚባለውን ዓይነት ኮሚክ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አድርገው ለመሣል ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ አይደለም። ሥዕሉን ጀምራችሁ ከሆነ ስለ ቀለምና ስለ ሕትመት ከሚናገሩት ጥያቄዎች ጀምሩ፤ ቶሎ የሚያከስረው እዚያ ነው።

ጎቲክ ከተራው አስፈሪ ታሪክ በምን ይለያል?

አስፈሪ ታሪክ አንባቢውን የሚይዘው ሊመጣ ባለው ነገር ነው። ጎቲክ የሚይዘው ሄዶ ባልሄደው ነው፤ የሞተ ፍቅረኛ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ቤተሰቡ የማያነሳው ስም። ዘውጉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በልቦለድ ጀመረ፤ ወደ ኮሚክ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የኮሚክ አሳታሚዎች ደንብ ቫምፓየርና ከመቃብር የሚነሳ ሬሳ እንዳይሣል ከልክሎ ነበር፤ ለቫምፓየር የላላው በ1971 ነው። በመጽሔት መጠን የሚወጡ ጥቁርና ነጭ ኮሚኮችን ደንቡ ስለማይመለከታቸው አስፈሪው ሥዕል እዚያ ተጠግቶ ኖረ። ለእኛ ጥቁርና ነጭ የሚመቸው በሌላ ምክንያት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤትም ይሠራዋል።

አንድ ምክር ብቻ ስጡን ብትሉን፦ መንፈሱን ከለቅሶው አታስቀድሙ። ብዙ ጀማሪ ሥራዎች ገና ገጽ 2 ላይ ነጭ ለብሳ የምትንሳፈፍ ሴት ያመጣሉ። አንባቢው ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳዘነ አላወቀምና አይደነግጥም።

ታሪኩን ከየት እንጀምር? ከፍቅሩ ወይስ ከሞቱ?

ከመርዶው። መርዶ ሥርዓት አለው፤ በማለዳ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ ዘመድና የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። የሚረዳው ሰው በሩን ሲከፍት ደጅ የቆመውን ሕዝብ አይቶ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ለኮሚክ ከዚህ የተመቸ ነገር አይገኝም፤ ቃል አያስፈልገውም። በአምስት ፓነል፣ ማለትም በአምስት የተከፈፈ ሥዕል፣ ያልቃል፦ ጨለማ ክፍል፤ «ኳ ኳ»፤ መቀርቀሪያው ላይ ያረፈ እጅ ከቅርብ፤ በበሩ ክፍተት ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ ፊታቸው ሳይታይ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ፓነል። ጩኸቱን አትጻፉት። ጥቁሩ ፓነል ግን በቀኝ በኩል ባለው ገጽ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ አንባቢው ገልብጦ ድንኳኑን እንዲያገኝ። በግራ ገጽ ካስቀመጣችሁት ዓይኑ አስቀድሞ ወደ ቀኝ ስለሚሮጥ ድንጋጤው ይባክናል።

ፍቅሩ በኋላ በትንንሽ ቁራጭ ይገባል። መጀመሪያ ላይ 10 ገጽ የፍቅር ታሪክ ከሣላችሁ የሚሞተው ማን እንደሆነ ሁሉም ገምቶ ይጠብቃችኋል።

የታሪኩን አጥንት የሐዘኑ ቀን መቁጠሪያ ራሱ ይሰጣችኋል። በኦርቶዶክስ ቤት ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። በሙስሊም ቤት ቀብሩ ከተቻለ በዚያው ቀን ይፈጸማል፤ ሐዘኑ 3 ቀን ነው፣ ለሚስት ግን ዒዳው፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆጥረው ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን ይዘልቃል። ባለ 32 ገጽ ሥራ ከሆነ ለመርዶና ለቀብር 8፣ እስከ ሣልስት 6፣ እስከ አርባ 10፣ እስከ ሰማንያ 6፣ ለሙት ዓመት 2 ገጽ ብትመድቡ ይበቃል። መንፈሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው ከሣልስቱ በኋላ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የእድሩ ወንበር ተጭኖ፣ ለቀስተኛው እየሳሳ ሲሄድ ነው። ሰው የሞላበት ቤት ውስጥ መንፈስ አያስፈራም፤ ወንበሩ የነበረበት ባዶ ግቢ ግን ያስፈራል።

ሳይጋቡ አንዱ ቢሞት ሌላው ለቅሶው ላይ ምን ቦታ አለው?

ምንም። ጎቲኩም ያለው እዚህ ነው። እናት፣ እህት፣ ሚስት የሚቀመጡበት አለ፤ «እግዜር ያጽናሽ» የሚላቸው አለ። ቤተሰብ የማያውቃት ፍቅረኛ ግን ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ናት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ንፍሮ ታዞራለች፣ ቡና ትቀዳለች፣ ስታለቅስ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ይባላል። ዒዳ አትቆጥርም፤ ከል ብትለብስ ትጠየቃለች። ሐዘኗ መውጫ ሲያጣ መንፈሱ ወደ እሷ መምጣቱ ምክንያት ያገኛል። ያለዚህ መንፈሱ ለምን እናቱን ትቶ እሷን እንደመረጠ ማስረዳት አትችሉም።

ይህን በነጠላ ማሳየት ይቻላል። ሐዘንተኛ ነጠላ ሲለብስ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊቱ በኩል ያደርገዋል። በድንኳኑ ትዕይንት የሴቶቹ ሁሉ ጥለት አንገታቸው ሥር ይሁን፤ የእሷ ብቻ እንደ አዘቦቱ ታች። ማታ ብቻዋን ስትሆን፣ በጠባብ ፓነል፣ ሁለት እጅ ነጠላውን ሲያዘቀዝቅ ብቻ ሣሉ። የጥለቱ ንድፍ ከገጽ ገጽ እንዳይለዋወጥ አስቀድማችሁ በሌላ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ አስቀምጡት፤ አንባቢ የሚከተለው ያንን መስመር ነው።

አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ቢሆኑስ?

ወሎ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ይገኛል፣ ጎረቤት በሁለቱም ለቅሶ ይቀመጣል። ስለዚህ «ሃይማኖት ለያያቸው» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ ብትነሱ የአገሩ ሰው አያምናችሁም፤ የለያያቸው ሌላ ነገር ፈልጉ። ሥርዓቱን ግን አትደበላልቁ። በሙስሊም ቀብር ሬሳው በነጭ ከፈን ይጠቀለላል፣ ለወንድ 3 ለሴት 5 ጨርቅ ነው፤ ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ይወጣል። በኦርቶዶክስ ፍትሐት፣ ጥላና ካህናት አሉ። ሙስሊሙን በሳጥን የቀበረ ኮሚክ ደሴ ውስጥ ገጽ 5 ላይ ይዘጋል።

የመቃብሩን አቅጣጫም አስቡበት። ደሴና መካ ሁለቱም በ39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ስለሆኑ ቂብላ ከደሴ ሲታይ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ቂብላ ስለሚያዞር ራስጌው ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ክርስቲያን ደግሞ ራስጌው ወደ ምዕራብ፣ እግርጌው ወደ ምሥራቅ ነው። ሁለቱ መቃብሮች አንድ መስመር ይይዛሉ፣ ራስጌያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ከላይ የታየ የሙሉ ገጽ ሥዕል አንድም ቃል ሳይጨመርበት ይበቃል።

ምን ዓይነት መንፈስ እንምረጥ?

ፀጉሯ ፊቷ ላይ የፈሰሰ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከውጭ ፊልም የመጣች ናት፤ ተዉአት። ለጠፋ ፍቅር ከሁሉ የሚቀርበው ዓይነ ጥላ ነው፤ በሰው ላይ አርፎ ትዳሩንና ዕድሉን ይዘጋል ተብሎ ይታመናል። ለሠዓሊም ይመቻል፤ መልክ አያስፈልገውም፣ ጥላ ይበቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ትዕይንት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ፣ ለምሳሌ ኩራዙ ከግራ። የሁሉም ጥላ ወደ ቀኝ ይውደቅ። የእሷ ብቻ ወደ ኩራዙ ይውደቅ። አንባቢው ሳያስተውለው 3 ወይም 4 ገጽ ያልፋል፤ ሲያስተውል ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆጥራል። ይህ የሚሠራው ሌላው ጥላ ሁሉ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። በቸልታ የሠራችሁት አንድ የወንበር ጥላ ምስጢሩን ስሕተት ያስመስለዋል።

ዛር ሌላ ነገር ነው። ዛር በሕያው ሰው ላይ ሰፍሮ የሚናገርና የሚጠይቅ መንፈስ እንጂ የሞተ ሰው ነፍስ አይደለም። «የሟቹ ዛር መጣባት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለቱን እምነቶች አበላሽታችኋል። ወዳጃም ዱዓ ነው፤ ሰው ቡና አፍልቶ፣ ተሰብስቦ የሚለምንበት። የጥንቆላ ትዕይንት አድርጎ መሣል ነውርም ድንቁርናም ነው።

ቡዳን ብንጠቀምስ?

ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣ ሰው ለሥዕል ያጓጓል። ችግሩ ቡዳ የሚለው ስም በቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በሸማኔዎች ላይ ሲለጠፍ የኖረ ስድብ መሆኑ ነው። ጅቡን ሣሉ፤ የደሴ ዳርቻ ሌሊት ያለ ጅብ አይሟላም። ቡዳ የሚባለውን ሰው ግን ሙያና ዘር አትስጡት።

ክታብ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፣ ለዚህ ዘውግም የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ሰይፍ የያዘ መልአክ። የብራና ጥቅልሉ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መሀል እየተደጋገመ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም። ጥቅልሉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና አዲሱ ይጻፍበታል። ስም የተፋቀበት ብራና ከማንኛውም ጩኸት ይበልጣል፤ አንድ ፓነል ብቻ ስጡት፣ የተፋቀው ቦታ ሻካራ ሆኖ ይታይ። ጽሑፉን ከእውነተኛ ክታብ ቃል በቃል አትገልብጡ። ለአንባቢው ጸሎት ነው፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስሕተታችሁን ወዲያው ያየዋል።

ደሴ ውስጥ የትኛው ቦታ ለዚህ ይሆናል?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ከተማዋን ይሸፍናል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የእንጨት በረንዳ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ፣ ማታ የሚጸዳው ሰኞ ገበያ፤ ቤተ መንግሥትና ግንብ ከአውሮፓ መዋስ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሙቀት፣ ፀሐይ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሰርቪስ። ፍቅሩ ኮምቦልቻ፣ ሐዘኑ ደሴ ቢሆን ሥዕሉ በራሱ ለሁለት ይከፈላል፦ የኮምቦልቻው ገጽ ከግማሽ በላይ ነጭ፣ የደሴው ከግማሽ በላይ ጥቁር። ሁለቱን የሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ ድንበራቸው ይሆናል።

በጥቁር ቀለም ብቻ ጉም እንዴት ይሣላል?

ጉም አይሣልም፤ ይተዋል። ወረቀቱ ራሱ ጉሙ ነው። ሦስት ርቀት ለዩ። ቅርብ ያለው፣ ለምሳሌ የበረንዳ ምሰሶ ወይም ትከሻ፣ ሙሉ ጥቁር። መካከለኛው በ0.3 ሚሊ ሜትር ብዕር መስመሩ ብቻ። ሩቁ በ0.1 ብዕር፣ የተቆራረጠ፣ ሦስት አራት መስመር ብቻ። የደሴ ጉም ከላይ ስለሚወርድ ተራራው ከአናቱ ይጥፋ፤ መስመሩን ወደ ላይ ስትሄዱ አቅጥኑና አቋርጡ። ብዙዎች ከታች ያጠፉትና ሥዕሉ የባሕር ዳር ጭጋግ ይመስላል።

ቀለምን በውሃ አቅጥኖ ግራጫ ማድረግ ኦሪጅናሉ ላይ ያምራል፣ ፎቶ ኮፒ ላይ ግን ይቆሽሻል። ግራጫ ከፈለጋችሁ በጭረት ሥሩት፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ8 መስመር አታብዙ፤ ከዚያ ከጠበበ ሲያንስ ተጣብቆ ጥቁር ይሆናል። ካፊያ ለማሳየት በነጭ ቀለም የተነከረ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በአውራ ጣት መርጨት ይበቃል፤ መጀመሪያ ፊቶቹን በወረቀት ሸፍኑ።

ወረቀቱና መሣሪያው ምን ይሁን?

የምታትሙት በኤ5 ከሆነ በኤ4 ሣሉ፤ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይደበቃል። ተራው 80 ግራም ወረቀት ብዙ ጥቁር ሲጠጣ ይጨማደዳል፤ 160 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ለስላሳ ወረቀት ፈልጉ። ሰፊ ጥቁር በእስክሪብቶ አትሙሉ፤ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ያንጸባርቃል፣ ስካን ሲደረግም ጭረት ጭረቱ ይወጣል። ውሃ የማይለቅ ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ተጠቀሙ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ እርሳሱን አጥፉ። ስካኑ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን፤ ኤ4 በዚህ ጥራት 4960 በ7016 ፒክስል ይወጣል። በስልክ ፎቶ ማንሳት ጠርዙን ያጎብጣል፤ አንዱን ጥግ ብሩህ ሌላውን ጨለማ ያደርገዋል።

የአማርኛው ጽሑፍ ባብሉ ውስጥ አልገባ አለን፤ ምን እናድርግ?

ባብሉን፣ ማለትም ንግግሩ የሚጻፍበትን ክብ፣ ጎን ለጎን አስፉት። የአማርኛ ግሥ ማንንም ምንንም በአንድ ቃል ይሸከማል፤ «እንደማይመለስልኝ» ብቻውን አንድ መስመር ይወስዳል፣ በመስመር መጨረሻም አይቆረጥም። በአንድ መስመር 3 ቃል፣ በአንድ ባብል ከ15 ቃል አይበልጥ። ጽሑፉን መጀመሪያ ጻፉ፣ ባብሉን በኋላ ዙሩበት፤ ተቃራኒውን የሚያደርግ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ፊደል ያጨናንቃል።

በእጅ ከጻፋችሁ ኤ4ው ላይ የፊደሉ ቁመት ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ። ከዚያ ሲያንስ የመለያው ቅጥያ ይጠፋል፤ «ሞተ» እና «ሞታ»፣ «አለቀሰ» እና «አለቀሱ» ይምታታሉ። በሐዘን ታሪክ ውስጥ ማን እንደሞተ ማምታታት ትንሽ ስሕተት አይደለም። በኮምፒውተር ከሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ። በድሮ ዩኒኮድ ያልሆነ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ወደ ሥዕል ፕሮግራም ሲገለበጥ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል፤ እንደገና መተየብ ይሻላል። አራት ነጥብን ራሱን ተጠቀሙ፤ ሁለት ኮሎን ደርድራችሁ ከሠራችሁት መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈላል። በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ካለ ደማቁን ፎንት ምረጡ፤ ቀጭኑ በቀለም ይዋጣል።

ለመንፈሱ ንግግር የተለየ ፎንት አትፈልጉ። ባብሉን ያለ መስመር፣ ጭራውን ያለ አፍ ተዉት፤ ከጥላው ይውጣ።

ገጸ ባሕሪዎቹ በወሎ አማርኛ ይናገሩ?

በልክ። «አብሽሪ»፣ «ወላሂ»፣ «እታለም» በትክክለኛው ቦታ ከገቡ ይበቃሉ። «ከ»ን ሁሉ «ኸ» አድርጋችሁ ከጻፋችሁ ሐዘኑ ወደ ቀልድ ይዞራል። ሙስሊሙ አጎት «አላህ ይርሐመው»፣ ክርስቲያኗ ጎረቤት «ነፍሱን ይማረው» ይበሉ። ለታላቅ ሰው አንቱታው አይረሳ፤ መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌ በማንም «አንተ» አይባሉም።

የታወቀ ዘፈን ግጥም ማስገባት ይፈቀዳል?

ያለ ፈቃድ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ግን ቅኝቶች ናቸው፣ የማንም አይደሉም፤ ስማቸውን መጥራት፣ ማሲንቆ የያዘ ሰው መሣል፣ የራሳችሁን ስንኝ መጻፍ ትችላላችሁ። ሙሾ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል፤ ኮሚክ ላይ ረጅም ሙሾ የሚያነብ የለም።

በጦርነት የሞተ ሰው ታሪክ ማድረግስ?

የ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ገና ትኩስ ነው። አስከሬኑ ሳይገኝ የቀረ ሰው ለጎቲክ ይመቻል፣ ግን ዛሬም በር በሩን የሚያይ ቤተሰብ ያነበዋል፤ የሚመለስ መንፈስ አድርጋችሁ አታጫውቱበት። ርቀት ከፈለጋችሁ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበትን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ተመልከቱ። ያኔ ልብሱም፣ መብራቱም፣ መኪናውም ስለሚለወጥ ማጣቀሻ ፎቶ መሰብሰብ ይኖርባችኋል፤ ከተማዋ ውስጥ ያለው ሙዚየም ለመጀመሪያ ጥሩ ነው።

ስናሳትም ምን ይበላሻል?

መጀመሪያ የገጽ ቁጥር። መሀሉ በስቴፕለር የሚመታ ጥራዝ ገጹ ለ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ 32 ገጽ ኤ5 ማለት 8 ሉክ ኤ4 ነው። 30 ገጽ ሠርታችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ባዶ ገጽ ይወጣል። ጽሑፉን ከውጭ ጠርዝ 10፣ ከመታጠፊያው 15 ሚሊ ሜትር አርቁ። እስከ ጠርዝ የሚሄድ ጥቁር ካለ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ስጡ፤ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ ክር ይቀራል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሰፊ ጥቁር እኩል አይወጣም፤ መሀሉ ይገረጣል፣ መታጠፊያው ላይ ቶነሩ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ስለዚህ ጥቁሩ መታጠፊያውን እንዳያቋርጥ ገጹን አቀናብሩ። ሙሉ ጥቁር ገጽ የግድ ከሆነ በ80 ግራም ወረቀት ላይ ጥቁሩ ወደ ጀርባው ገጽ ዘልቆ ይታያል፤ 100 ግራም ጠይቁ፣ ወይም ከጀርባው ሌላ ጥቁር የበዛበት ገጽ አስቀምጡ። ማተሚያ ቤት በኦፍሴት ከሆነ ጽሑፍና ቀጭን መስመር በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን ብላችሁ ንገሩ። በአራቱ ቀለም ከወጣ ትንሽ ሲዛነፍ ፊደሉ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ሙሉ ጥራዝ አስወጡና በቀን ብርሃን ተመልከቱት፤ በአምፖል ሥር ጥቁር የመሰለው ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው።

በቴሌግራም ብቻ ብናወጣውስ?

ይሆናል። ፎቶ አድርጋችሁ ስትልኩ ስለሚያሳንሰው ቀጫጭኑ ጭረት ይደበዝዛል፤ በፋይል ወይም በፒዲኤፍ ላኩት። በስልክ ለሚነበብ ገጹን ከ3 ፓነል አታስበልጡ፣ የፊደሉንም መጠን ከኅትመቱ በግማሽ ጨምሩ። ጥቁሩ የመርዶ ፓነል ስልክ ላይ ስክሪኑ የጠፋ ስለሚመስል ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ተዉለት።